ቀለም የገባበት ቆዳ ላይ ጥርት ያለ ፊኒሽ አቀባብ፦ ቀለሙ ሳይለቅ፣ ሽፋኑ ሳይሰነጠቅ

«ቆዳውን ጥቁር ቀለም ቀብቼ አደረቅሁት። ፊኒሹን ስቀባው ግን ስፖንጁ ጠቆረ፣ ቆዳውም ዥንጉርጉር ሆኖ ቀረ። የቱ ጋ ተሳሳትሁ?» ይህ ጥያቄ ቀለሙ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ ደጋግሞ ይመጣል። ብዙዎች ጥፋቱን ፊኒሹ ላይ ይፈልጉታል፤ ጠርሙስ ይቀይራሉ፣ ሌላ ዓይነት ይገዛሉ፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። ጥፋቱ የተሠራው ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ነውና። ቆዳው ያልጠጣው ትርፍ ቀለም ሳይወለወል ላዩ ላይ ቀርቷል፤ ፊኒሹ ያንን አራሰውና ስፖንጁ ይዞት ዞረ።

ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ፊኒሽ ዕቃውን የማይነካባቸው ናቸው። እነሱን ዘልላችሁ ወደ መቀባቱ አትሂዱ።

ፊኒሹ የሚሠራውና የማይሠራው

ጥርት ያለ ፊኒሽ ሲደርቅ በቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ይሆናል። ቀለሙ በሰበቃ ወደ ልብስ እንዳይጋባ ይከላከላል፤ የውሃ ጠብታ ወዲያው እንዳይሰርግ ያዘገያል፤ ለቆዳውም ወዝ ይሰጠዋል። የላላ ቀለምን ግን አጣብቆ አይይዝም። ላዩ ላይ ዱቄት ሆኖ የቀረ ቀለም ካለ ፊኒሹ የሚጣበቀው በዱቄቱ እንጂ በቆዳው አይደለም፤ ዱቄቱ ሲነሣ እሱም አብሮ ይነሣል።

የትኛው ቆዳ ይቀበላል?

ይህ መመሪያ በዕፅዋት ለፍቶ ላዩ ሳይሸፈን ለቀረና እናንተው ራሳችሁ ቀለም ለቀባችሁት ቆዳ ነው። የቆዳችሁን ዓይነት ካላወቃችሁ ቀለም ባልነካው ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፤ ቀለምም ፊኒሽም ይቀበላል። ጠብታው ክብ ሆኖ ላዩ ላይ ከተቀመጠ ግን ፋብሪካ የሸፈነው፣ አለዚያም ሰምና ዘይት የበዛበት ቆዳ ነው። እንዲህ ባለው ላይ የተቀባ ፊኒሽ ቆይቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል።

የቱን ፊኒሽ እንምረጥ?

በውሃ የሚበረዝ አክሪሊክ። ጠርሙሱ ውስጥ ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠራል። ውሃን በደንብ ይከላከላል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ስህተትም ይችላል። ለቀበቶ፣ ለቦርሳ፣ ለውሻ ማሰሪያ፣ ለማንኛውም ብዙ ለሚነካ ዕቃ ከዚህ ጀምሩ። ችግሩ ወፍሮ ከተቀባ ፕላስቲክ መምሰሉ ነው፤ በርዘን የምንቀባው ለዚህ ነው።

በውሃ የሚሠራ ሬዚን። ከአክሪሊክ ለስለስ ያለ፣ ወዙ የተፈጥሮ የሚመስል ነው። ውሃ የመከላከል አቅሙ ግን ደካማ ስለሆነ ዝናብ ለሚነካው ዕቃ አይሆንም። ለማስታወሻ ደብተር ሽፋን ወይም ለመነጽር መያዣ ይበቃል።

ላከር። በቲነር የሚበረዘው ነው። በፍጥነት ይደርቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ውሃ ይከላከላል። ሽታው ከባድ፣ እሳትም የሚስብ ነው፤ ብዙ በሚታጠፍ ቆዳ ላይም ቶሎ ይሰነጠቃል። ለጀማሪ አንመክርም።

ሰም። የንብ ሰም ወይም የካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚወጣ) ሰም ያለበት ቅባት ነው። ለእጅ ይስማማል፣ ቆዳውንም ቆዳ እንደሆነ ያቆየዋል፤ ነገር ግን ቀለም የሚለቅን ቆዳ ብቻውን አያስቆምም። ከአክሪሊክ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ንክኪ አድርጋችሁ ያዙት።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ቀለሙ በምን የሟሟ ነው? ቀለሙን ያሟሟው ነገር ፊኒሹ ውስጥም ካለ የደረቀውን ቀለም መልሶ ያነሣዋል። የአልኮል ቀለም ከተጠቀማችሁ አልኮል የሌለበትን፣ በውሃ የሚበረዝ ፊኒሽ ምረጡ። ቀለሙ የውሃ ከሆነ ደግሞ የውሃ ፊኒሽ በስፖንጅ ስታሹበት ሊነሣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ቅብ ሳትነኩት በስፕሬይ አስቀምጡት። ዘይት ያለበት ቀለም ከሁሉም ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ እንዲደርቅ ይፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

መጠኑ የተሰላው 4 ሳ.ሜ ወርድና 110 ሳ.ሜ ርዝመት ላለው ቀበቶ ሁለት ቅብ እንዲበቃ ነው።

- አክሪሊክ ፊኒሽ፣ 10 ሚ.ሊ
- ንጹሕ ውሃ፣ 10 ሚ.ሊ (የተጣራ ከተገኘ ይሻላል፤ የቧንቧ ውሃ ጨው ካለበት ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ሊተው ይችላል)
- መርፌው የወጣለት የ10 ሚ.ሊ ሲሪንጅ ለመለኪያ
- ዝርግ ሳህን ወይም የማሰሮ ክዳን
- ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ስፖንጅ፣ የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ 2 ቁራጮች
- ያረጀ ነጭ የጥጥ ካናቴራ፣ መዳፍ የሚያህሉ 8 ወይም 10 ቁራጮች ተደርጎ የተቆረጠ
- የቆዳ ዘይት፣ 5 ሚ.ሊ (አንድ የሻይ ማንኪያ)
- ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ደረቅ ብሩሽ
- ጓንት
- ከዚያው ቆዳ የተቆረጠ፣ አብሮ ቀለም የተቀባ መሞከሪያ ቁራጭ
- ጥቂት የሰም ቅባት (ከፈለጋችሁ)

ጨርቁ ነጭ መሆን አለበት። ባለቀለም ጨርቅ ምን ያህል ቀለም እንደተነሣ አያሳያችሁም፤ የዚህ ሥራ ግማሹ ደግሞ ጨርቁን አይቶ መፍረድ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ላከርና ቲነር የምትጠቀሙ ከሆነ በርና መስኮት ክፈቱ። በአካባቢው ምድጃ፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም አይኑር። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ሊያገኝ ይችላል።
- ላከር የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉ። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ጣሉት።
- በስፕሬይ ስትቀቡ፣ ፊኒሹ የውሃ ቢሆንም እንኳ፣ የአፍና የአፍንጫ መከላከያ አድርጉ። ደቃቁ ጠብታ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚደርቅ ፕላስቲክ ነው።
- የአልኮል ቀለም ከእጅ ለቀናት አይለቅም። የምትወለውሉትም ጓንት አድርጋችሁ ነው።
- አክሪሊክ ፊኒሽ በረዶ አይንካው። አንዴ ከቀዘቀዘና ከተቋጠረ ተመልሶ አይገጥምም፤ የተቋጠረ ቅንጣት ከታየበት ጣሉት።

አሠራር

1. ቀለሙን አድርቁ።

የአልኮል ወይም የውሃ ቀለም ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ዘይት ያለበት ቀለም 48 ሰዓት ይደር። በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ዘርጉት ወይም ስቀሉት። ላዩ በ15 ደቂቃ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። በዚያ ላይ ስትሸፍኑት ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ይዞ ወደ ላይ ይመጣል፣ ሽፋኑንም ያሳብጠዋል። ለማፋጠን ብላችሁ የፀጉር ማድረቂያ አትደግኑበት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት። ኃይለኛ ሙቀት ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ከጥልቁ ወደ ላይ ይስበዋል።

2. ትርፍ ቀለሙን ወልውሉ።

ውጤቱን የሚወስነው ይህ ደረጃ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ነጩን ጨርቅ ጣት ላይ ጠምጥማችሁ ጫማ እንደምትወለውሉ ጠንከር አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ እሹ። የመጀመሪያው ጨርቅ በጥቂት ምት ይጠቁራል። ሲጠቁር ወደ ንጹሕ ጎኑ አዙሩት፣ ሁሉም ጎኑ ሲያልቅ ጨርቁን ቀይሩ። በቆሸሸ ጨርቅ ማሸት ያነሣችሁትን ቀለም መልሶ መቀባት ነው።

ጥቁር፣ ጥልቅ ሰማያዊና ቀይ ከሁሉም ይበልጥ ትርፍ ያስቀራሉ። ጥቁር የተቀባ ቆዳን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ በቅርብ ተመልከቱት። ትርፍ ቀለም ያለበት ቦታ ጥቁር መሆኑ ይቀርና እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴማ ወይም የነሐስ ዓይነት ጭላንጭል ያሳያል። ጭላንጭሉ ጠፍቶ ንጹሕ ጥቁር እስኪሆን እሹት። ለአንድ ጥቁር ቀበቶ አምስት ስድስት ጨርቅ መጨረስ የተለመደ ነው፤ ቡና ዓይነት ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ይበቃዋል።

ደረቁ ጨርቅ ደብዛዛ ጥላ ብቻ ማሳየት ሲጀምር ሌላ ጨርቅ ውሃ ነክራችሁ፣ ጠብ እስከማይል ጨምቃችሁ፣ ቆዳውን አንድ ጊዜ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ጥረጉ። የውሃ ፊኒሽ ስትቀቡ የሚሆነውን ይህ ጨርቅ አስቀድሞ ያሳያችኋል። ቀለም በብዛት ከያዘ ቆዳውን ሁለት ሰዓት አድርቁትና ከደረቁ ውልወላ እንደገና ጀምሩ። ቀለል ያለ ጥላ ብቻ ከሆነ እለፉ፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ጨርቁ ጨርሶ ነጭ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም።

3. ዘይቱን መልሱለት።

የአልኮል ቀለም የቆዳውን ዘይት አሟጦ ይሄዳል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቆዳው ግትር የሚለው ለዚህ ነው። ግትር ቆዳ ላይ የተቀባ ሽፋን ደግሞ መጀመሪያ በታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃል። ከከብት እግር የሚወጣው ኒትስፉት የሚባለው ዘይት ተመራጭ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ለቀበቶው ይበቃል፤ በጨርቅ አዳርሳችሁ በስሱ ቀቡና 24 ሰዓት አሳድሩት። ዘይቱ በአንድ ሌሊት በቆዳው ውስጥ ይሰራጫል፣ የቀለሙንም ልዩነት በመጠኑ ያስታርቃል።

አብዝታችሁ እንዳትቀቡ። በማግስቱ ጣታችሁን ስትጫኑበት ወዝ ከያዘባችሁ በዝቷል፤ በደረቅ ጨርቅ እሹትና አንድ ቀን ጨምሩለት። ዘይት የጠገበ ቆዳ ፊኒሽ አይዝም፤ ቢይዝም ለሳምንታት ያጣብቃል። በዚህ ደረጃ ሰም ያለበት ቅባትም አትጠቀሙ፤ አክሪሊክ በሰም ላይ አይጣበቅም።

4. ቁራጩ ላይ ሞክሩ።

ቁራጩ ከዚያው ቆዳ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ቀን የተቀባና እስካሁን ያለውን ደረጃ ሁሉ አብሮ ያለፈ ይሁን። ከ6ኛው እስከ 9ኛው ደረጃ እንደተጻፈው ጥቂት በርዛችሁ ሁለት ቅብ ቀብታችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ወደ ውጭ እጠፉት። ፊኒሽ ቀለሙን ትንሽ ያጠቁረዋል፣ ወዙንም ይቀይረዋል። ካልወደዳችሁት የምታዝኑት በቁራጩ ብቻ ነው።

5. ቦታውንና ቆዳውን አሰናዱ።

ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው፣ አቧራ የማይነሣበት ክፍል ተስማሚ ነው። ዝናብ በሚያጥለቀልቅበት ወይም ክፍሉ በታፈነበት ቀን አትቀቡ፤ እርጥብ አየር ሽፋኑን ያነጣዋል። ቆዳውን በደረቁ ብሩሽ ጠርጉ።

በኋላ በማስቲሽ የሚጣበቅ ቦታ ካለ ከ5 እስከ 8 ሚ.ሜ የሚሆነውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት። ማስቲሽ ፊኒሽ ላይ ቢጣበቅ የያዘው ፊኒሹን እንጂ ቆዳውን አይደለም፤ ሲሳብ ከነልጣጩ ይመጣል። ጠርዙን በእንጨት አሽታችሁ የምታስለሰልሱት ከሆነም ፊኒሹ ከመቀባቱ በፊት ጨርሱት። አክሪሊክ የጠጣ ጠርዝ እሺ ብሎ አይለሰልስም። ጠርዙ ላይ ሰም የሚገባ ከሆነ ግን ወደ ፊቱ እንዳይሻገር ተጠንቀቁ፣ ወይም ሰሙን ለመጨረሻ አቆዩት።

6. ፊኒሹን በርዙ።

10 ሚ.ሊ ፊኒሽና 10 ሚ.ሊ ውሃ በሲሪንጅ ለክታችሁ ሳህኑ ላይ አድርጉና በቀስታ አማስሉ። ጠርሙሱን አትነቅንቁት፤ የተነቀነቀ አክሪሊክ አረፋ ይሞላዋል፣ አረፋውም ቆዳው ላይ እንዳለ ይደርቃል። ከታች የዘቀጠ ካለ ጠርሙሱን ጥቂት ጊዜ ገልበጥ መለስ ማድረግ ይበቃል። ካማሰላችሁ በኋላ 5 ደቂቃ ይረፍ።

እኩል በእኩል የምንበርዘው ያልተበረዘው ገና በስፖንጅ እየሄደ መድረቅ ስለሚጀምር ነው። የስፖንጁ ፈለግ መስመር ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የቀጠነው ግን ራሱን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል፣ ወደ ቆዳውም ይገባል። ስፖንጁን በቀጥታ ጠርሙሱ ውስጥ አትንከሩ፤ ትንሽ ቀለም ከያዘ ቀሪውን ፊኒሽ ሁሉ ያበላሸዋል።

7. አንደኛውን ቅብ ቀቡ።

ስፖንጁን መጀመሪያ ውሃ ነክራችሁ በደንብ ጭመቁት። ደረቅ ስፖንጅ ፊኒሹን ራሱ ይጠጣዋል፣ የጠጣውንም ሳይታሰብ አንድ ቦታ ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ አንድ ጎኑን ብቻ ፊኒሹ ውስጥ ነክራችሁ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ጫን አድርጉ። ልኩን ለማወቅ ወረቀት አስነኩት፦ እርጥብ ዱካ ትቶ ጠብታ ካልተወ ልክ ነው።

መጀመሪያ ፈጠን ባለ ክብ እንቅስቃሴ ገጹን ሁሉ አርጥቡት። ወዲያው፣ ሳይደርቅ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ረጃጅም ቀጥተኛ ምት ሳቡበት። እጃችሁን ሳትጫኑ፣ በስፖንጁ ክብደት ያህል ብቻ። መሃል ላይ አትቁሙ፤ የቆማችሁበት ቦታ ደርቆ ከቀጣዩ ጋር ሲገናኝ ድርብ መስመር ይሠራል። ትልቅ ቦርሳ ከሆነ በስፌት የሚለያዩትን ክፍሎች አንድ በአንድ ጨርሱ።

አሁን በቅርብ እዩት። እርጥብ ወዙ በእኩል ተዘርግቶ በአንድ ደቂቃ ገደማ እየደበዘዘ መሄድ አለበት። ወተት የመሰለ ነገር በአንድ ቦታ ከተጠራቀመ በዝቷል፤ ሳይደርቅ በተጨመቀው ስፖንጅ አንሡት። አንዴ መደብዘዝ ከጀመረ ግን የዘለላችሁት ቦታ ቢታያችሁም አትንኩት። ከፊል የደረቀ ሽፋን ሲነካ ይቆራረጥና ይጠቀለላል፤ የተዘለለውን ሁለተኛው ቅብ ይሸፍነዋል።

የተቀረጸ ወይም ማኅተም የተመታበት ቆዳ ከሆነ ፊኒሹ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይተኛል። ደረቁን ለስላሳ ብሩሽ ጉድጓዱ ውስጥ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ትርፉን ምጠጡ፣ ብሩሹንም በየጊዜው ጨርቅ ላይ ጥረጉ። ተኝቶ ከደረቀ ነጭ ቋጠሮ ሆኖ ቅርጹን ይደፍነዋል።

8. አድርቁ፣ ወልውሉ።

ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። መድረቁን ለማወቅ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት፦ ከአካባቢው ይልቅ ቀዝቀዝ ካለ ውሃው ገና እየተነነ ነው። ሲደርቅ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ቀለል አድርጋችሁ እሹት። ገጹ ሻከር ካለ ውሃው ያስነሣው የቆዳው ደቃቅ ክር ነው፤ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ጨምድዳችሁ በቀስታ ስታሹበት ይተኛል።

9. ሁለተኛውን ቅብ ቀቡ።

ስፖንጁን ቀይሩ። የመጀመሪያው ትንሽም ቢሆን ቀለም ይዟል። ቅቡ ከመጀመሪያው የሳሳ ይሁን፣ የመጨረሻው ምትም ከመጀመሪያው ጋር መስቀለኛ በሆነ አቅጣጫ ይሂድ፤ የዘለላችሁት ቦታ እንዲህ ይያዛል። ቀበቶ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ መስቀለኛው አይመችም፣ ከተቃራኒው ጫፍ ጀምራችሁ ሳቡት።

ሦስተኛ ቅብ ብዙ ለሚሻሽ ዕቃ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ አትሂዱ። የሚያጠብቀው የሽፋን ብዛት አይደለም፤ ወፍራም ሽፋን ከቆዳው ጋር መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል።

10. አሳድሩና ፈትኑት።

24 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ሲታጠፍ የሚኖር ዕቃ ከሆነ በሚይዘው ቅርጽ አሳድሩት፤ ዝርግ ሆኖ የደረቀ ሽፋን ወዲያው በኃይል ሲታጠፍ ይጨማደዳል። በማግስቱ ነጭ ደረቅ ጨርቅ 20 ጊዜ እሹበት፣ ከዚያ ውሃ በነካው ጨርቅ እንደገና 20 ጊዜ። ደረቁ ንጹሕ መሆን አለበት። እርጥቡ ደብዛዛ ጥላ ካሳየ አንድ ስስ ቅብ ጨምሩ። በግልጽ ከቀለመ ግን ቅብ መጨመር አያድነውም፤ 2ኛው ደረጃ አልተሠራም ማለት ነው።

ሽፋኑ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ጥቂት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያው ሁለት የተቀቡ ገጾችን አታነባብሩ፣ በፕላስቲክም አትጠቅልሉ። ተጣብቀው ሲላቀቁ አንዱ የሌላውን ገጽ ይዞ ይሄዳል።

11. ሰሙን በመጨረሻ።

ከፈለጋችሁ አተር የምታህል የሰም ቅባት በጨርቅ አዳርሳችሁ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ወልውሉ። የአክሪሊኩን የፕላስቲክ ስሜት ያለዝበዋል። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ፊኒሽ አይቀባም፤ መቀባት ካስፈለገ ሰሙ መነሣት አለበት።

በስፕሬይ መቀባት ለፈለገ

ብሩሽም ስፖንጅም ስለማይነካው ቀለም የማስነሣት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ለውሃ ቀለምና ቅርጽ ለበዛበት ቆዳ ይህን እንመርጣለን። የተበረዘውን ፊኒሽ በጨርቅ አጥልሉት፤ አንዲት ቅንጣት አፈሙዙን ትዘጋለች። ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ ርቃችሁ፣ ከቆዳው ውጭ ጀምራችሁ ከቆዳው ውጭ ጨርሱ። የመጀመሪያው ቅብ ጤዛ እንደወረደበት ያህል ብቻ ይሁን፣ እስኪያንጸባርቅ አይጠብቅ። ከራቃችሁ ጠብታው በአየር ላይ ደርቆ ገጹን አሸዋማ ያደርገዋል፤ ከቀረባችሁ ይፈሳል።

የቆዳው ጀርባ

በሥጋ በኩል ያለው ወገን ያንኑ ሽፋን አያስፈልገውም። ቀለም ከተቀባ ግን ልብስ የሚያበላሸው እሱ ነው፣ በተለይ የቀበቶ ጀርባ። እንደ ፊቱ ወልውሉትና አንድ ስስ የተበረዘ ቅብ ስጡት፣ ይበቃል። በሁለቱም ወገን በወፍራም የታሸገ ቆዳ ላብና እርጥበት ሲገባው መውጫ አያገኝም።

የሚደጋገሙ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

ስፖንጁ ቀለም ያዘ። ጥቂት ከሆነ ሳትደጋግሙ በአንድ ምት ጨርሱትና ለቀጣዩ ስፖንጅ ቀይሩ። ብዙ ከሆነ ቁሙ፤ አድርቁት፣ ወልውሉት፣ ከ2ኛው ደረጃ ጀምሩ።

መስመር መስመር ሠራ። ፊኒሹ አልተበረዘም፣ ወይም እየደረቀ ሳለ ተመልሳችሁበታል። ቀለል ያለው በቀጣዩ በቀጠነ ቅብ ይስተካከላል። ሻካራ ሆኖ ጣት ላይ የሚሰማው ግን በወረቀት ከረጢቱ ታሽቶ ነው የሚቀባው።

ነጭ ጉም ለበሰ። እርጥበት ከሽፋኑ ሥር ታፍኗል፦ ወፍሮ ተቀብቷል፣ አለዚያ ክፍሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። አክሪሊክ ከሆነ ሞቅ ባለ ደረቅ ክፍል አንድ ቀን አቆዩት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠራል። እዚህ ላይ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ30 ሳ.ሜ ርቆ መጠቀም ይቻላል። ላከር ከሆነ ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ስስ የቲነር ስፕሬይ ስታሳርፉበት ታፍኖ የቀረው እርጥበት ይወጣል።

ደርቆም ያጣብቃል። ዘይት በዝቷል ወይም ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ተደርቧል። ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሦስት አራት ቀን ስቀሉት። ካልተሻለው ዘይቱ ነው፤ ሽፋኑን ማንሣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሲታጠፍ ተሰነጠቀ። ነጭ ፀጉር የመሰሉ መስመሮች እጥፋቱ ላይ ከታዩ ሽፋኑ ወፍሯል። መስመሩ ውስጥ ጥሬው የቆዳ ቀለም ከታየ ግን የተሰነጠቀው ቆዳው ራሱ ነው፤ ዘይት ሳያገኝ ነው የታሸገው። ያኛው አይመለስም።

አረፋ ነጠብጣብ ተወ። ጠርሙሱ ተነቅንቋል ወይም ስፖንጁ በኃይል ተጨምቆበታል። እርጥብ ሳለ ቀስ ብላችሁ እፍ ስትሉበት ይፈነዳል፤ ከደረቀ በወረቀቱ አሽታችሁ ቀጣዩን ቅብ ደርቡ።

በልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ሰም፣ ዘይት ወይም የላላ ቀለም አለ። ላዩ ላይ እየደረባችሁ አታስታምሙት። ጓንት አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቅ ፈሳሽ) የነካው ጨርቅ ሽፋኑ እስኪለሰልስ እሹበት፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። አሴቶን ቀለሙንም ይዞ ስለሚሄድ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እንደገና ቀለም መቀባት፣ 24 ሰዓት ማድረቅና ነጩን ጨርቅ ማንሣት ነው።